ወፏ ከእኛ ቤት ነበረች

ይድረስ በቴፒ ለሚገኘው ለታናሽ ወንድሜ ለብዙአየሁ።

ደብዳቤ በሰላምታ እንደሚጀመር አውቃለሁ። ነገር ግን ሰላምታውን ካስቀደምኩ እዚያው ሰላምታው ውስጥ ተደብቄ እንደምቀር ስለማውቅ አንዱን ነገር አስቀድሜ ልጣለው። በሐምሌ 2011 ዓ.ም.፣ በአውጫጩ ቀን፣ ስምህን ለሽማግሎቹ የሰጠችው ወፍ እኔ ነኝ። መጽሐፍ ከቤተ መጻሕፍቱ ደብቄ ያወጣሁትም እኔ ነኝ። ጀብሪል አይደለም፤ ሌላ ሰውም አይደለም። እኔ ወንድምህ ይሄነው ነኝ።

አሁን ሰላም ልበልህ፤ ሰላምታዬን ባትቀበለውም አልፈርድብህም። ለመሆኑ ጤናህ እንዴት ነው? ባለፈው የያዘህ ወባ ለቀቀህ ወይ? የቡናው ጆንያ ወገብህን ሲጎዳህ ኖሮ አሁን ወደ ሚዛን ሥራ አዛወሩኝ ስላልከኝ እፎይ ብያለሁ። ባለቤትህ እት ስመኝስ እንዴት ናት? የትምወርቅ ስንተኛ ክፍል ደረሰች? እዚያው የተወለደችው፣ እስካሁን ዓይኗን ያላየሁት የኔአለምስ አፏን ፈታች? እኔ በሥጋዬ ደህና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። መጋዝ ስይዝ እጄ ትንሽ ይንቀጠቀጣል፤ የቅርቡን ለማየትም መነጽር አድርጌያለሁ። የቀረውን ደህንነቴን አንብበህ ስትጨርስ አንተው ትፈርደዋለህ።

ይህን በስልክ ልነግርህ ያልሞከርኩ እንዳይመስልህ። ኔትወርክ በመጣ ቁጥር እየደወልኩ፣ «ወንድም ጋሼ፣ እንዴት ዋልክልኝ?» ስትለኝ ስለ ዝናቡና ስለ ጤፉ አውርቼ እዘጋለሁ። በስልክ፣ ነገሩ ሲከብድ «አይሰማም፣ እየተቆራረጠ ነው» ብሎ ማምለጥ አለ። ብዙ ጊዜም እየተሰማኝ አይሰማም ብዬሃለሁ። ወረቀት ላይ ግን እጄ የጻፈውን ዓይኔ መልሶ ያየዋል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ልጀምርልህ፤ የምታውቀውንም ብደግምልህ ታገሠኝ፣ ለራሴም በቅደም ተከተል መስማት ስለሚያስፈልገኝ ነው።

ባለቤቴ የሻለም፣ ነፍሷን ይማርና፣ በ2009 ከደረጃ ወድቃ ዳሌዋ ከተሰበረ በኋላ ከአልጋ እንዳልወረደች ታስታውሳለህ። ልጅ አልተሰጠንም። እኔ ጠዋት ወጥቼ ስመለስ ያን ግድግዳ ስታይ ትውላለች። በዚያን ጊዜ አንተ በቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ መታወቂያ እየተቀበልክ ቁጥር የምትሰጥ፣ የመጽሐፉን ጀርባ በእጅህ ጽሑፍ የምታስውብ የተከበርክ ሰው ነበርክ። መደርደሪያውንና አግዳሚውን የሠራሁት ደግሞ እኔ ነኝ። አንድ ቀን «ለየሻለም የማነብላት አንድ መጽሐፍ ላውጣ» ብዬ ለመንኩህ። አንተም «ሕጉ ለእናቴም አይላላም ወንድም ጋሼ፤ ተሸክመህ አምጣትና እዚሁ አንብብላት» ብለህ ሳቅህ። ሕጉ ልክ ነበር፤ መጽሐፍ ከአዳራሹ አይወጣም። አንተም ቀልደህ ነው። እኔ ግን ቀልዱን ቋጥሬ ወደ ቤቴ ይዤው ሄድኩ፤ ሚስቴን የተሳለቅህባት አስመሰልኩት። ሰው ሊሰርቅ ሲያስብ አስቀድሞ መቀየም እንደሚፈልግ ያን ጊዜ አልገባኝም።

በሳምንቱ የተነቀነቀ አግዳሚ ልጠግን መጥቼ ስወጣ፣ ከመላጊያውና ከመዶሻው ሥር አንድ መጽሐፍ በመሣሪያ ሳጥኔ ውስጥ ነበረ። በሩን ይዘህ ያሳለፍከኝ አንተ ነህ። «ከብዶሃል፣ ላግዝህ?» ብለኸኛል።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ስነግርህ ደስታውን አልደብቅህም፤ ብደብቅህ ይሄም ሌላ ውሸት ይሆናል። ብዙአየሁ፣ እኔ ስምንተኛ ክፍል ያቋረጥኩ አናጢ ነኝ። ከጸሎት መጽሐፍ ሌላ መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር አንብቤ አላውቅም ነበር። መጀመሪያ ስጀምር እንደ ልጅ በጣቴ እየተከተልኩ ነው። የሻለም ግን አዳማጭነት ተሰጥኦዋ ነበር። አንዱ መጽሐፍ ስለ መርከበኞች ነበር፤ እሷ ደግሞ ከመካነ ሰላም ወጥታ ደሴን እንኳ አላየችም። «ይሄን ሁሉ ውሃ እንዴት ያለ ድልድይ?» ትላለች። ሌላው መጽሐፍ ውስጥ ከባሏ ነገር የደበቀች ሴት አለች፤ የሻለም እንደ ጎረቤት ትጣላታለች፦ «ኧረ ይቺ ሴትዮ አበዛችው! ዛሬውኑ ትንገረውና ሁላችንም እንረፍ!» ደክሞኝ ሁለት ገጽ የዘለልኩ እንደሆነ ታውቅብኛለች። «ተመለስ፣ ሰውየው እኮ ገና ጫማውን አላጠለቀም» ትለኛለች። ተመልሼ ሳይ እውነቷን ነው።

ሃያ ሁለት ዓመት በትዳር ስንኖር የምንነጋገረው ስለ እህል፣ ስለ እንጨት፣ ስለ ዘመድ ሠርግ ነበር። በእነዚያ ሁለት ዓመታት ግን የማናውቃቸው ሰዎች እቤታችን ገብተው ወጡ፤ እኔና እሷም በእነሱ ተሳበን ራሳችንን ማውራት ጀመርን። ልጅ ስለማጣታችን ለመጀመሪያ ጊዜ የነገረችኝ አንድ ምዕራፍ ሲያልቅ ነው። ከሥራ ስመለስ ከበሩ ሳልገባ «አምጣው፣ የት ደርሰን ነበር?» ትላለች። የምወስደውን እመልሳለሁ፤ በመጣሁበት ሳጥን እመልሳለሁ፤ ስለዚህ ስርቆት አይደለም ብዬ ራሴን አሳምኜ ነበር። እያሳመንኩም ቅዳሴ እሄዳለሁ፣ እያሳመንኩም እሰግዳለሁ።

በ2011 ሰኔ መጨረሻ ቤተ መጻሕፍቱ ለቆጠራ ሳይታሰብ ተዘጋ። እኔ ዘንድ አራት መጽሐፍ ነበር። ቆጠራው ሲያልቅ የጠፋው አሥራ ዘጠኝ ሆነ። አሥራ አምስቱ በማን እጅ እንደወጣ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ አራቱ ግን የእኔ ናቸው። ሕዝቡ እንዴት እንደተቆጣ አይተሃል። ድንጋዩን የተሸከመ፣ ጭቃውን የረገጠ እሱ ነው፤ መጽሐፉ ከአጅባር በመኪና ተጭኖ የገባ ቀን ሴቶቹ እልል ብለዋል። የመቀባበሪያ ማኅበራችን የቅሬው ዳኛ ጋሽ ንጉሡ «ሬሳችንን አብረን የምንቀብር ሰዎች በአንድ መጽሐፍ ፖሊስ አንጠራም፤ ነገሩ በአውጫጭ ይውጣ» አሉ።

ያን ቀን ክርስቲያኑም እስላሙም በሜዳው ተቀመጠ። ያየ እንዲናገር፣ አይቶ የደበቀ ግን ዘሩ እንዳይባረክ፣ መምሬ ፈንታዬ መስቀል ይዘው፣ ሸኹ ዱአ አድርገው ረገሙ። እኔም ከሁሉ ጋር አሜን አልኩ። ዘር ስለሌለኝ እርግማኑ የሚያገኘኝ አልመሰለኝም። እንዲህ ያለ ሒሳብ የሚያሰላ ልብ ነበር በደረቴ ውስጥ ያለው።

ከዚያ እንደ ደንቡ አንድ በአንድ በሜዳው ዳር ወዳለው ጥድ ኋላ ሄድን። ሦስቱ ሽማግሎች «ወፍ ምን አለች?» ይላሉ። ያላየ «ወፍ አላለችም» ብሎ ያልፋል፤ ያየ «ወፍ እንዲህ ነገረችኝ» ይላል፤ ማን እንዳለም እስከ መቃብር አይነገርም። ተራዬ እስኪደርስ ሦስት ሰዓት ያህል ተቀምጫለሁ። ከእኔ በፊት የገባው ሁሉ የመሣሪያ ሳጥኔን ስም የሰጠ መሰለኝ። ገብቼም «ወፍ ብዙአየሁን መጽሐፍ በጆንያ አድርጎ በኋላ በር ሲያወጣ አይታዋለች» አልኩ።

ይህ ጨርሶ ሐሰት ቢሆን ኖሮ ዛሬ ቢያንስ ሐሰት ተናገርኩ ብዬ እገላገል ነበር። እውነት ነው፣ አይቼሃለሁ። የተገነጠሉትን ቤትህ ወስደህ ልትጠግን ነው። ኮላውን የሰጠሁህ እኔ ነኝ። ጠግነህ ስትመልስም አይቼሃለሁ። ግማሹን ተናግሬ ግማሹን ዋጥኩት። ጋሽ ንጉሡ ስምህን በጠሩ ጊዜ ተነሥተህ ስለ ጥገናው ስትናገር፣ «ወንድሜ ይጠየቅ፣ ኮላ ሰጥቶኛል» አልክ። እኔም ቆሜ «እውነት ነው፣ ሰጥቼዋለሁ» አልኩ። ሰውም «ወንድም ለወንድሙ መቼስ ምን ይበል» አለ። በጥዱ ኋላ ከሳሽህ፣ በሜዳው ፊት ጠበቃህ ሆኜ ዋልኩ። አንተ ያየኸው የሜዳውን ነው።

ከቅሬው ተሰረዝክ፤ ማንም እሳት እንዳይጭርልህ ተባለ። በወሩ ስመኝን እና የትምወርቅን ይዘህ ስትሄድ እስከ መናኸሪያው ፍራሽህን የተሸከምኩልህ እኔ ነኝ። መኪናው ሊነሣ ሲል በመስኮት አንገቴን ይዘህ «በዚህ ሁሉ ሕዝብ መሀል ያመንከኝ አንተ ብቻ ነህ ወንድም ጋሼ» ያልከኝን ታስታውሳለህ? እኔ አልረሳሁትም። ቅዳሴ ላይ ስቆም ካህኑ ከሚለው በላይ የሚሰማኝ እሱ ነው። ወፏ ማን ናት ብለህ ስትብሰለሰልም፣ ከአውጫጩ ሳምንት በፊት በጋዜጣ ማንበቢያ ተራ በተጣላኸው በወዳጅህ በጀብሪል ላይ ጣልከው። በስልክ «ጀብሪል ነው አይደል?» ስትለኝ «ይሆናል» አልኩህ። አንዲት ቃል ነበረች፤ ወዳጅህን ግን አሳጣችህ።

የሻለም አልሰማችም ነበር። በፍልሰታ ጾም ጎረቤት ሴቶች ሊጠይቋት መጥተው «የባልሽ ወንድም መጽሐፍ ሰርቆ አገር ለቀቀ፤ ወፍ አጋለጠችው» ብለው አወሩላት። መጽሐፉ እኮ ያኔ ትራሷ ሥር ነበር። ስገባ «ይሄነው፣ ወፏ የበረረችው ከዚህ ቤት ነው?» አለችኝ። መጽሐፉን አውጥታ ደረቴ ላይ አደረገችው። «ሂድና ስጣቸው። ልጁን መልሰው» አለች። ነገ አልኳት። በነጋታውም ነገ አልኳት። ላነብላት ስሞክር ጆሮዋን በነጠላዋ ትሸፍናለች። ያቺ የዘለልኩባትን ገጽ የምታውቅ ሴት፣ ከመስቀል ማግስት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ሞተች። አንተ ቴፒ ሆነህ ስታለቅስልኝ፣ «ሚስትህን እንኳ ቆሜ አልቀበርኩልህ» ስትለኝ፣ እኔ «አብሽር፣ ምን ታደርጋለህ» አልኩህ። እኔ ነኝ አብሽር ያልኩህ።

በ2012 ጥር አራቱን መጻሕፍት በሳጥኔ መልሼ ወሰድኩና ከታችኛው መደርደሪያ ሰካኋቸው። ያንተን ቦታ የያዘችው ኸዲጃ አግኝታቸው በደስታ ጮኸች። እኔም ነገሩ የቀለለ መስሎኝ ነበር። በማግሥቱ ግን ከተማው ምን አለ መሰለህ? «ብዙአየሁ ሕሊናው አላስቀምጥ ብሎት ከቴፒ በሰው ላከ፤ ይኸው ሌባነቱን አመነ!» እስከዚያ ድረስ የሚጠራጠሩልህ ጥቂት ሰዎች ነበሩ፤ በእኔ መመለስ እነሱም ተዉህ። በድብቅ የሠራሁትን በድብቅ ላስተካክል ብል ባሰብህ።

ይህም ሆኖ ማንበብ አልተውኩም፤ ይህን ስጽፍልህ አፍራለሁ። መንገድ ሲዘጋ፣ ሥራ ሲጠፋ፣ ቤቱ ሲጨልምብኝ ወደዚያ አዳራሽ እሄዳለሁ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ጸጥ በሉ የሚል አያስፈልግም፤ ሁሉም በየራሱ መጽሐፍ ውስጥ ገብቶ ይጠለላል። በገበያ ቀን ከወግዲ የሚመጣ አንድ ገበሬ አለ፤ አህያውን ከውጭ አስሮ አራት ገጽ ብቻ ያነብና የደረሰበት ላይ ጭድ አድርጎ ይሄዳል። ኸዲጃ የማን ጭድ እንደሆነ ስለምታውቅ ማንም እንዲነካው አትፈቅድም። እኔ በገዛ እጄ በሠራሁት አግዳሚ ላይ ተቀምጬ አዲስ አገር አያለሁ፣ በማላውቀው ሰው ኀዘን አለቅሳለሁ፣ ብቻዬን እስቃለሁ። ከዚያ መጽሐፉን ስዘጋ በጀርባው ያለው ቁጥር ያንተ የእጅ ጽሑፍ ነው። የመደርደሪያውም ስያሜ ያንተ ነው። አንድም ቀን እንደ ሰው ደስ ብሎኝ ከዚያ ቤት አልወጣሁም። አንተ ያቀናኸውን ደስታ እኔ እየበላሁ፣ አንተ ጆንያ ትሸከማለህ።

አሁን ስለ እናታችን ልንገርህ፤ ይህን ሁሉ ያስጻፈኝ እሱ ነው። ከሄድክ ጀምሮ ረቡዕና ዓርብን ብቻ ሳይሆን ማክሰኞንም ትጾማለች። ለምን እንደሆነ ለማንም አትናገርም ነበር፤ እኔ ግን ስትጸልይ ሰምቻታለሁ። «የልጄን የብዙአየሁን ስርቆት ከእኔ ተቀበል» ነው የምትለው። ጾሟን ስትፈታ እንጀራውን የማቀርብላት እኔ ነኝ። ባለፈው ጥቅምት በማክሰኞ ቀን ከበራፏ ላይ ራሷን ስታ ወደቀች። ስትነቃ «ብዙአየሁ መጥቶ ይቅበረኝ» አለች። ደውዬ ስነግርህ «ስሜ በወጣበት ሜዳ ላይ ስሜ ሳይመለስ አልመጣም፣ እናቴም ብትሞት» አልክ፤ ስልኩንም ዘጋኸው። ልክ ነህ። ያን ጊዜ አውቄያለሁ፤ እኔ ካልተናገርኩ እሷ ሳታይህ ትሞታለች፣ የማን እንደሆነ በማታውቀው ኃጢአት ጾማም ትሞታለች።

የነፍስ አባቴ መምሬ ፈንታዬ ዘንድ ሄድኩ። ከአምስት ዓመት በፊት ነግሬያቸው «በሕዝብ ፊት ያጠፋኸውን በሕዝብ ፊት አቅና» ብለውኝ ነበር። እኔ ግን በዚያ ፈንታ ስግደት ጨመርኩ። ያላዘዙኝን መቶ ስግደት እሰግዳለሁ፣ ያዘዙኝን አንዲት ቃል አልናገርም። አሁን ስሄድ መስቀላቸውን እንኳ አላወጡም። «አዲስ ነገር ይዘህ መጥተሃል ወይስ ያንኑ?» አሉኝ። ያንኑ ነው አልኳቸው። «እንግዲያ የእኔ መልስም ያው ነው፤ ቅዳሴ እንዳያመልጠኝ» ብለው ሄዱ።

ወደ ጋሽ ንጉሡ ዘንድ ሄጄ ቅሬው እንዲሰበሰብልኝ ለመንኩ። ስነግራቸው አልደነገጡም። ትልቅ ሰው ናቸው፣ ብዙ ሰምተዋል። «ልጄ፣ ወፍ ስም የላትም» አሉኝ። «ዛሬ ስም ካወጣህላት ነገ ሌባ ያየ ሰው አፉን አይከፍትም። አውጫጩ ተሳሳተ ከተባለ ይሄ ሕዝብ በምን ይተማመናል?» እኔም «ወንድሜስ በምን ይኑር?» አልኳቸው። ምርኩዛቸውን አሽከረከሩና «ስድስት ዓመት ቆይተህ የለ? በል እኔ እስክቀበር ድረስ ደግሞ ቆይልኝ» አሉ። እየቀለዱ መስሎኝ ፊታቸውን አየሁ፤ አልቀለዱም።

ከዚያ ጀብሪል ሱቅ ገባሁ። ጨርቅ እየለካ ነበር። «ጀብሪል፣ አፉ በለኝ» አልኩት። «ምነው፣ የሠራህልኝ መደርደሪያ ተንጋዶ ነው? እሱንማ አይቼዋለሁ» ብሎ ሳቀ። ስነግረው መቀሱን አስቀመጠ። «ወላሂ ይሄነው፣ ወንድምህ በስልክ የሰደበኝን ስድብ እስከ ዛሬ ቃል በቃል አውቀዋለሁ። ለማን ልመልሰው? ላንተ ላስረክብህ?» አለኝ። ስድብ ይገባኛል አልኩት። «አንተ ደግሞ አንባቢ ነኝ ትላለህ! ያን ሁሉ መጽሐፍ ጨርሰህ አንዲት ዐረፍተ ነገር ለመናገር ስድስት ዓመት?» አለ። ቆይቶ ግን «እኔ አፉ ብዬሃለሁ፤ እኔ ቀላሉ ነኝ። እናትህስ?» አለኝ። ማክሰኞ ወደ ጅማ ስለሚሄድ ይህን ደብዳቤ ለቴፒ መኪና የሚሰጥልኝ እሱ ነው። እንደ አሮጌው ጊዜ ሰላም ብለህ ብትደውልለት አይከፋም፤ ግን እሱን የምመክርህ እኔ መሆን የለብኝም።

ለእናታችን ዛሬ ቅዳሜ ጠዋት ነገርኳት። ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ነበር። አላለቀሰችም፣ አልረገመችኝም፤ ብትረግመኝ ይሻለኝ ነበር። «እና እኔ ስድስት ዓመት ለማን ነው የጾምኩት?» አለች። «ልጄን በእግዚአብሔር ፊት ሌባ ብዬ ስሙን ስጠራ ኖሬ፣ አሁን ምን ብዬ ልመልሰው?» አለች። ምሳዋን ሳቀርብላት ሳህኑን ገፋችው፤ ከጎረቤቷ ሽሮ ልትቀምስ ምርኩዟን ይዛ ወጣች። ከእጄ አልበላችም። ይህን የምነግርህ ታዝንልኝ ዘንድ አይደለም፤ እሷ ላንተ ያላት ልብ ምን እንደሆነ እንድታውቀው ነው።

ነገ እሑድ ከሰዓት የቅሬው ወርኃዊ ስብሰባ ነው። ጋሽ ንጉሡ ባይጠሩልኝም ሕዝቡ በራሱ ቀን ይሰበሰባል። ከነገ በኋላ የሰላምታ አፍ ይኖረኝ እንደሆነ ስለማላውቅ ሰላምታውን እዚህ ላይ ልጨርስ። እት ስመኝን እግሯን ስሜ ነው ሰላም የምላት፤ በዚያ በተሰረዛችሁበት ወር ከሰው ተለይታ ብቻዋን ውሃ ስትቀዳ በመስኮት አይቻታለሁ፣ ወጥቼም እንስራዋን አልያዝኩላትም። ለየትምወርቅ፣ አጎትሽ ይሄነው ናፍቆሻል በልልኝ፤ ስታድግ እውነቱን ራስህ ንገራት፣ አታሳምርልኝ። የኔአለምን ጉንጯን ሳምልኝ። የምታድሩበትን ቤት ባለቤት፣ ስትታመም ያስታመሙህን ጎረቤቶችህን ሁሉ፣ እኔ በገፋሁህ አገር ስለተቀበሉህ እግዚአብሔር ይስጥልኝ በልልኝ። ኸዲጃ ገና አላወቀችም፤ ግን ሁልጊዜ «ያ የእጅ ጽሑፉ የሚያምረው ሰውዬ» ስለምትልህ የእሷም ሰላምታ ይድረስህ።

ይህን ከዚህ በታች ያለውን የምጽፈው ሰኞ ጠዋት ነው።

ትናንት ስምህ በወጣበት በዚያው ሜዳ ሰው ሁሉ ተሟልቶ ነበር። የታመመ ተጠየቀ፣ ለሚመጣው ወር ተረኛ ተለየ። ጋሽ ንጉሡ ሊመርቁ ሲነሡ እኔም ተነሣሁ። አይተው ገባቸው። «ይሄነው፣ ተቀመጥ። ምርቃት ነው» አሉኝ። «ምርቃቱ ሳይደርስብኝ ነው የምናገረው» አልኩ። አንዱ ከኋላ «ደግሞ ወንድሙን ሊያስምር ነው!» ብሎ ሳቀ፣ ሌሎችም ሳቁ። ጋሽ ንጉሡ ድጋሚ ተቀመጥ አሉ፤ አልተቀመጥኩም። እናታችን በሴቶቹ በኩል ነጠላዋን ተከናንባ ተቀምጣ ነበር፤ መምጣቷን አላወቅሁም። እሷን እያየሁ እንዳልናገር ዓይኔን ወደ ሕዝቡ መለስኩ። «በአውጫጩ ቀን የተናገረችው ወፍ እኔ ነኝ። አራቱን መጽሐፍ በሳጥኔ ያወጣሁ እኔ ነኝ፤ በድብቅ የመለስኩም እኔ ነኝ። ብዙአየሁ የወሰደው ልጠግን ብሎ ነው፣ መልሶታል፣ አይቼዋለሁ። ወንድሜ ሌባ አይደለም» አልኩ። ሳቁ ቆመ። ከኋላ የተቀመጡት «ምን አለ?» ብለው ሲጠይቁ ሰማሁ፤ እንዲሰሙ ወደ መሀል ወጣሁና ከመጀመሪያው ጀምሬ፣ ስሜን ከነአባቴ ስም ጠርቼ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ ደግሜ ተናገርኩ።

ወንድምህ ይሄነው

መካነ ሰላም፤ ሰኞ ኅዳር 15 ቀን 2018 ዓ.ም.